ዝምተኛው እና ነብሮ

አንድ የታክሲ ሹፌር ነበር፤ አስናቀ ይባላል። ሚስቱ ዝማም በትርፍ ጊዜዋ ሹራብ መስራት ትወድ ነበር። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን ሲያይ እሷ ኪሮሽዋን ይዛ ትቀመጣለች። እያወራች ትሰራለች፣ እየሳቀች ትሰራለች። ለልጃቸው ለሶስና የኮክ ቀለም ያለው ሹራብ ጀመረችላት። ደረቱን ጨረሰች፣ ጀርባውን ጨረሰች፣ አንዱን እጅጌ ጨረሰች። ሁለተኛውን ሳትጀምር ታመመች፤ ከህመሟም አልተነሳችም።

ሶስና ሹራቡን እንዲሁ መልበስ ጀመረች። አንድ እጇ በሹራብ፣ አንድ እጇ በቀሚስ። ሰው "እጅጌሽ የት ሄደ?" ሲላት "እየመጣ ነው" ትላለች።

አስናቀ ይህን መልስ ደጋግሞ ሰማ። እጅጌውን እኔ እጨርሰዋለሁ አለ። ኪሮሽ ግን በእጁ ይዞ አያውቅም። የታክሲ ተራ እየጠበቀ፣ በስልኩ ቪዲዮ እያየ፣ እየሰራና እየፈታ ተማረ። ሹፌር ጓደኞቹ በመስኮት እያጮለቁ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት።

"አስኔ፣ ለመኪናው ነው? ብርድ መታው እንዴ?"

"ለሞተሩ ካልሲ እየሰራለት ነው!"

"ሳቁ፣ ሳቁ" ይላቸዋል። "ክረምት ይምጣና የአንገት ልብስ ስራልን ብላችሁ ስትለማመጡኝ እናያለን።"

እጁ ለመደ። ክር ግን አልነበረውም። ሹራብ የሚሰራ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ ዓይነት ቀለም በተለያየ ቀን ከተነከረ አንድ ቀለም አይሆንም። ቤት ውስጥ አንድ ይመስላል፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ እጅጌው ከደረቱ ጋር ይጣላል። ለአንድ ሹራብ የሚሆን ክር አብሮ የተነከረ መሆን አለበት። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተነከረ ደግሞ ክሩ በታሰረበት ወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፏል። ከዝማም የቀረው ክሯ ያለቀ አንዲት ጥቅልና ያ ወረቀት ነበር። አስናቀ ወረቀቱን ከኪሱ አይለየውም።

ክሩ የት እንደተገዛ ያውቃል። ከገበያው ጀርባ፣ የእትዬ ጥሩወርቅ የክር ሱቅ ነው። ዝማም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ከገባች በቀላሉ አትወጣም ነበር፤ እሱ ውጭ ሆኖ ክላክስ እያደረገ ይጠብቃታል። አሁን ወደዚያ መሄድ አልቻለም። እትዬ ጥሩወርቅ "ዝማምስ?" ማለታቸው አይቀርም። ለዚያች አንዲት ቃል የሚሆን መልስ አጣ።

ስለዚህ ወደ ስልኩ ዞረ። ሰዎች የተረፋቸውን ክር፣ ቁልፍና ዶቃ በጨረታ የሚሸጡበት ገጽ አገኘ። ስም አውጣ ሲባል "ዝምተኛው" ብሎ ጻፈ። ቦታውን ወደደው። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዋጋ ትጽፋለህ፣ ከበለጥክ ዕቃው ይመጣልሃል፣ አለቀ።

መጀመሪያ ያሸነፈው ክር በስልኩ ላይ ኮክ ነበር፤ ቤት ሲደርስ ካሮት ሆነ።

"ይሄ የኔ እጅጌ አይደለም" አለች ሶስና አገላብጣ አይታው። "የጥንቸል ነው።"

ሁለተኛው ቀረብ ያለ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ሲያወጡት ግን ራቀ። አስናቀ ተስፋ አልቆረጠም። አንድ ጠዋት ተራ ይዞ ሳለ አንድ ፎቶ አየ። ያው ኮክ ነው። ፎቶውን አስፍቶ ወረቀቱን አነበበ፤ ከኪሱ የዝማምን ወረቀት አውጥቶ አስተያየ። ያው ቁጥር! ሻጯ "ሹራብ ልስራ ብዬ አልሆነልኝም፣ ውሰዱልኝ" ብላ ጽፋለች። ጨረታው ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

ዋጋ ጻፈ። ወዲያው አንድ ሰው በለጠው። ስሙ "ነብሮ" ይላል። አስናቀ ጨመረ። ነብሮም ጨመረ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

"ሹፌር፣ ምንድነው የምትጫረተው? መኪና ነው?" አለ አንድ ባለባርኔጣ።

"ክር ነው።"

"ክር?"

"የልጄ እጅጌ ነው" አለ አስናቀ። ከድምፁ ሁሉም የሆነ ነገር ገባቸው።

"ጨምር በለው!" አለች ቅርጫት የታቀፈች ሴት። "ማነው ደግሞ ይሄ ነብሮ? ጉልበተኛ!"

"እኔ በበኩሌ ረፍዶብኛል" አለ ባለባርኔጣው። "ግን ጨምር!"

ታክሲው ሞልቷል፤ እንሂድ ያለ ግን አልነበረም። አስናቀ ሲጨምር ያጨበጭባሉ፣ ነብሮ ሲጨምር ይሳደባሉ። ዋጋው የአዲስ ክር ዋጋን አልፎ ሄደ። በመጨረሻ አስናቀ ያለውን ሁሉ ጻፈ። ነብሮ ትንሽ አከለበት። ጨረታው ተዘጋ።

ታክሲው በአንድ ድምፅ "ውይ!" አለ።

"ይሄ ሰው ልጅ የለውም" አለች ባለቅርጫቷ። "ልጅ ቢኖረው እንዲህ አያደርግም።"

አስናቀ ቤት ገብቶ ለሶስና ነገራት። "እጅጌሽ ትንሽ ሊዘገይ ነው።"

"እማዬ የምትገዛበት ሱቅ ለምን አንጠይቅም?"

"እዚያ አልቆ ይሆናል።"

"አልቋል አሉህ?"

"አላሉኝም።"

"ታዲያ?"

አስናቀ ቅዳሜ ይዟት ሄደ።

እትዬ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከክሮቹ መሀል ቆመዋል። ቁመታቸው ከባንኮኒው እምብዛም አይበልጥም። ሰውየውን አላወቁትም፤ የሶስናን ሹራብ ግን ገና በሩ ላይ ሳሉ ለዩት።

"የዝማም ሹራብ! ያ ክላክሰኛው ባሏ አንተ ነሃ! ግቡ፣ ግቡ። ተቀይማኝ ነው አይደል የጠፋችው? ትቀየመኝ፣ እውነቷን ነው።"

"በምን ትቀየማለች?" አለ አስናቀ ግራ ገብቶት።

"አልነገረችህም? የእጅጌውን ክር ከፍላ፣ በስሜ አስቀምጡልኝ ብላኝ ነበር። አንድ ቀን ሰው በዝቶብኝ ለማላውቃት ሴት ሸጥኩት። ያቺ ልጅ እጇ ባዶ ሊቀር ነው ብዬ ምግብ አልበላ አለኝ። ደግነቱ ሴትየዋ ስራው አቅቷት በስልክ ጨረታ አወጣችው። የእህቴ ልጅ አሳየኝና ገባሁበት። ቀላል እንዳይመስልህ! አንድ 'ዝምተኛው' የሚሉት እርጉም አለ።"

የአስናቀ ጆሮ ጋለ።

"ስሙ ዝምተኛው፣ ጣቱ ግን አያርፍ! ስጨምር ይጨምራል፣ ስጨምር ይጨምራል። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው? እናት አላሳደገውም አልኩ። ግን ድል አደረግሁት!" ከባንኮኒው ስር አንድ ከረጢት አወጡ። ውስጡ ኮክ ነው። "በል አሁን ጥራት። ዝማም ራሷ ትውሰድና እንታረቅ። የት አለች?"

ሲሸሸው የከረመው ጥያቄ መጣ። መውጫ በሩ ከጀርባው ክፍት ነው። አስናቀ የሶስናን እጅ ያዘ።

"ዝማም የለችም፣ እትዬ። ካረፈች ወራት አለፉ።"

እትዬ ጥሩወርቅ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው አቀፉት። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። አስናቀም አለቀሰ። ከቀብሩ ወዲህ ከሰው ጋር ሆኖ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሶስና ሁለቱን አየችና ከረጢቱን ታቀፈች።

"እጅጌዬ ይሄ ነው?"

"እሱ ነው የኔ እናት" አሉ እትዬ። "እናትሽ ያስቀመጠችልሽ።"

አስናቀ ዓይኑን ጠረገ። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ዝምተኛው እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"እርጉሙ። እኔ ነኝ።"

እትዬ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ትኩር ብለው አዩት። እሱም ከራስ እስከ እግር አያቸው።

"ነብሮ እርስዎ ነዎት?"

"ስሙን ያወጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው!" አሉና ሳቅ አፈናቸው። እንባቸው ሳይደርቅ ባንኮኒውን ተደግፈው ሳቁ። አስናቀም ሳቀ፤ ከዝማም ሞት በኋላ እንዲህ ስቆ አያውቅም።

"አንድ ታክሲ ሙሉ ሰው ነው የሰደበዎት" አለ ትንፋሽ ሲያገኝ። "ልጅ የለውም ተብለዋል።"

"እኔስ ብትል! ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ አይደል ያሰደብኩህ!"

ከዚያ ወዲህ አስናቀ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ እጅጌውን ሰራ። ክር ሊገዙ የመጡት ሴቶች እጁን ይዘው ያርሙታል። "አላላው፣ አታንቀው፤ መሪ መሰለህ እንዴ?" ይሉታል። ስለ ዝማምም ያወሩለታል። አንደኛዋ የዝማምን ሳቅ አስመስላ አሳየችውና ሱቁ በሳቅ ሞላ።

እጅጌው ሲያልቅ ግን ሌላ ጉድ ታየ። ሶስና አድጋለች። በዛሬ እጇ የተለካው አዲሱ እጅጌ ረዘመ፣ የእናቷ አጥሮ ቀረ።

"አሮጌውን እንፍታውና እንደ አዲስ እንስራው" አለች አንዷ።

"አይፈታም!" አለች ሶስና። "እሱን እማዬ ነው የሰራችው።"

አስናቀ አሰበ፣ አሰበና ያን የካሮት ክር ከቤት አመጣ። ከአጭሩ እጅጌ ጫፍ ላይ ሳይፈታ ቀጠለበት፤ እንዲመሳሰል ለአዲሱም ትንሽ አከለለት። ሶስና እጇን ከፍ አድርጋ አየችውና "የጥንቸል እጅ!" ብላ ዘለለች። ከካሮቱ የተረፈው ለሚያሾፉት ሹፌሮች የአንገት ልብስ ሆነ፤ እንዳለውም ተለማምጠውት ነው የወሰዱት።

አንድ ቀን ሶስና ሹራቡን ለብሳ በጋቢናው ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ያቺ ባለቅርጫት ሴት ተሳፈረች።

"እሰይ! ነብሮን አሸነፍከው ማለት ነው?"

"አይ" አለ አስናቀ። "ነብሮ አሸነፈልኝ።"

ወዳጆቼ፣ የስልክ ጨረታ ክፉ ነገር አይደለም። ካሮቱም የተገኘው ከዚያ ነው። ጨረታ የሚያውቀው ግን የጻፍከውን ዋጋ ብቻ ነው። በሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ለማን እንደምትገዛ፣ ማን እንደጎደለህም ይጠይቅሃል። አስናቀ ያንን ጥያቄ ፈርቶ ሸሸ፤ ሲሸሽም ለልጁ ከሚደክሙለት ሰው ጋር ተፎካከረ። ጠላት የመሰለው ሰው የሚስቱን አደራ የሚጠብቅ ነበር። መልሱ እስኪወጣ ያማል፤ ከወጣ በኋላ ግን ሐዘኑን የሚሸከመው ሰው ሁለት ይሆናል።

እናንተስ እንዳይጠይቃችሁ ብላችሁ በሩን የምታልፉት ሰው ማነው? እስቲ አንድ ቀን ጎራ በሉ። ማን ያውቃል፣ ከባንኮኒው ስር የእናንተን ከረጢት ይዞ እየጠበቀ ይሆናል።

ሶስናን ዛሬ "እጅጌሽ የት ሄደ?" የሚላት የለም። እሷ ግን ሳትጠየቅም ሁለት እጇን ዘርግታ ትናገራለች። "መጣ!" ትላለች።