ሙሽሪት ክንፌን አላጥፍም አለች

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኝ።

ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። ሌሎች ልጆች ድመት ሲያሳድጉ እሷ የእግዜር ፈረስ ታሳድግ ነበር፤ ያቺን ሁለት እጆቿን አጣጥፋ እንደ ጸሎተኛ የምትቆመውን አረንጓዴ ፍጥረት። ስሟንም ሙሽሪት አለቻት።

አንድ ቀን ሙሽሪት ከካርቶን ቤቷ አምልጣ አጥሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ በረዶ ሊጥል ነው። በረዶ ደግሞ ሙሽሪትን የምታህል ነገር አንዴ ከመታ በቃ!

«ሙሽሪት፣ እጄ ላይ ውጪ!» ብላ ትርሲት ጮኸች፤ እጇንም ከላይ ሰደደችባት። ሙሽሪት እጆቿን ዘረጋች፣ ክንፏን ገለጠች፣ ግራና ቀኝ ተወዛወዘች።

«ምነው፣ ጠላሽኝ?»

«ፈራሁ እንጂ መች ጠላሁ! ዶሮዋ ላባዋን አቁማብኛለች። እሷ ካላሳረፈች ክንፌን አላጥፍም።»

ትርሲት ፊቷን ወደ ዶሮዋ አዞረች። «አንቺ! ላባሽን አሳርፊ! ላባሽን ካላሳረፍሽ ሙሽሪት ክንፏን አታጥፍም፤ ክንፏን ካላጠፈች እጄ ላይ አትወጣም!»

«ጫጩቶች አሉኝ እኮ! ድመቷ ጀርባዋን አጉብጣ እያየሽ?»

ትርሲት ባሰባት። «አንቺ ድመት! ጀርባሽን ዘርጊ! ጀርባሽን ካልዘረጋሽ ዶሮዋ ላባዋን አታሳርፍም፤ ላባዋን ካላሳረፈች ሙሽሪት ክንፏን አታጥፍም፤ ክንፏን ካላጠፈች እጄ ላይ አትወጣም!»

«ለውሻው ንገሪው! ጥርሱን አላየሽም?»

«አንተ ውሻ፣ ጥርስህን ክደን! ጥርስህን ካልከደንክ ድመቷ ጀርባዋን አትዘረጋም፤ ጀርባዋን ካልዘረጋች ዶሮዋ ላባዋን አታሳርፍም፤ ላባዋን ካላሳረፈች ሙሽሪት ክንፏን አታጥፍም፤ ክንፏን ካላጠፈች እጄ ላይ አትወጣም!»

«ወድጄ መሰለሽ? ጋሽ ድንቁ ዱላ አንስተዋል!»

ጋሽ ድንቁ ጎረቤት ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ ዱላቸውን ሽቅብ ይዘው ቆመዋል።

«ጋሽ ድንቁ፣ ዱላዎን ያውርዱልኝ! ዱላዎን ካላወረዱ ውሻው ጥርሱን አይከድንም፤ ጥርሱን ካልከደነ ድመቷ ጀርባዋን አትዘረጋም፤ ጀርባዋን ካልዘረጋች ዶሮዋ ላባዋን አታሳርፍም፤ ላባዋን ካላሳረፈች ሙሽሪት ክንፏን አታጥፍም፤ ክንፏን ካላጠፈች እጄ ላይ አትወጣም!»

«እኔም እኮ ፈርቼ ነው የኔ ልጅ። ግቢውን በጩኸት ስታናጊው እባብ ገባ ብዬ ነዋ! የታለ?»

«እባብማ የለም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ የሚያስጮህሽ ምንድን ነው?»

ትርሲት ቀና ብላ አየች። እጇ አሁንም እንደ ጭልፊት ከሙሽሪት ራስ በላይ አንዣቧል።

«ለካ ያስፈራሁት እኔ ነኝ» አለች በቀስታ። እጇን አወረደች፤ መዳፏን ከሙሽሪት ፊት ዝቅ አድርጋ ዘረጋችና ዝም አለች።

እሷ ዝም ስትል ጋሽ ድንቁ ዱላቸውን አወረዱ፤ ዱላው ሲወርድ ውሻው ጥርሱን ከደነ፤ ጥርሱ ሲከደን ድመቷ ጀርባዋን ዘረጋች፤ ጀርባዋ ሲዘረጋ ዶሮዋ ላባዋን አሳረፈች፤ ላባዋ ሲያርፍ ሙሽሪት ክንፏን አጠፈች፤ አንድ እግር፣ ደግሞ ሌላ እግር፣ የትርሲት መዳፍ ላይ ወጣች።

ሁለቱም ወደ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያዋ በረዶ ባዶው አጥር ላይ አረፈች።

ተረቴን ጨረስኩ፤ የሰማ ሰው ቀስ ብሎ ይናገረው።