ምንም ያልተፈጠረበት ቀን

አንድ ጡረተኛ ወታደር አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ሻምበል ባሻ ዘውገ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአየር ኃይል አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው፣ አንድም ቀን ሳያበርሩ ነው ጡረታ የወጡት። ልጃቸው ስንዱ በአንድ ሳምንት ሁለት ፈተና አለፈች፤ አንዱ የአየር ኃይል እጩ አብራሪነት፣ ሌላው የሲቪል አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት። ሰፈሩ እልል አለ። እሷን ሳይጠይቅ ወታደር አድርጎ ማዕረግ ሁሉ ሰጣት።

ስንዱ ግን የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማማውን መረጠች። ማብረር ፈርታ አይደለም። ማማውን በጎበኘች ቀን አንድ ተቆጣጣሪ ሦስት አውሮፕላን በድምፁ ብቻ ሲያስተናግድ አይታ ልቧ እዚያው ቀረ። ይህንኑ ለአባቷ አስረዳች። እሳቸው የሰሙት ግን "አላበርም" የምትለዋን ብቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገድ ማሳየትማ የትራፊክ ፖሊስም ያደርገዋል ብለው አጣጣሉባት። ለሥልጠና ስትወጣ ጉልበታቸውን ልትስም ብታጎነብስ እግራቸውን ሰበሰቡ። ሳይመረቅ ከቤት የወጣ ልጅ ሆዱ እንዴት እንደሚባባ ያየው ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት የጎረቤት ልጅ አስናቀ አየር ኃይል ገባ። ሻምበል ባሻ የልጃቸውን ምርቃት አንስተው ለእሱ ሰጡት። አስናቀ በረረ፣ ማዕረግ ለበሰ፣ ፎቶው በእድሩ አዳራሽ ተሰቀለ። ይሁን፣ ይገባዋል፤ ነፍሱን አስይዞ ነው የሚያገለግለው። ስንዱም በየቀኑ አውሮፕላን ታሳርፍ ነበር። የእሷን ፎቶ ማን ይስቀል? የተቆጣጣሪ ሥራ ያማረ ዕለት ምንም አይፈጠርም፤ ስላልተፈጠረ ነገር ደግሞ የሚያወራ የለም።

በሰባተኛው ዓመት ሽማግሌዎች አባትና ልጅን ሊያስታርቁ ተነሱ። አስናቀ የሠራዊቱን አውሮፕላን እያበረረ ወደ ከተማዋ የሚመጣበትን ቅዳሜ ቆረጡ። ስንዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ተገኝታ፣ ድንጋይ ተሸክማ አባቷን ይቅርታ እንድትጠይቅ ተወሰነ። ምን በድላ? ሥራ መርጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። እሷ ግን የአባቷን ምርቃት ስለናፈቀች እሺ አለች።

ያን ቀን እሷን ሊተካ የሚገባው ተረኛ ታሞ ቀረ። የማማው ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ተተኪው አጠገቡ ቆሞ በሰማይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ሳይረከብ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ሥራ ላይ ስልክ መነካካትም ክልክል ነው። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ዐሥር ሆነ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ገላዬ ብድግ ብለው፣ ሽማግሌ የናቀች ልጅ ከእንግዲህ በእድሩ ደጃፍ እንዳትደርስ ፈረዱ። አባቷ አልተቃወሙም።

ፍርዱ ሲነገር አስናቀ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ላቡ ገና አልደረቀም። ከተማዋን ደመና እንደሸፈናት፣ አንዱ ሞተር እንደጠፋበት፣ ሰማይና መሬቱ እንደተምታታበት ነገራቸው።

"ከፍታዬንና አቅጣጫዬን እየነገረች፣ የነገረችኝን እያስደገመች ያወረደችኝ ስንዱ ናት" አለ። "እናንተ እዚህ ቀረች እያላችሁ ስትወቅሷት እሷ የእኔን ነፍስ ይዛ ነበር።"

ተተኪ ተገኝቶላት ስንዱ ስትመጣ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። እልልታው ቀለጠ። አቶ ገላዬ፣ እኚያው የፈረዱባት ሰውዬ፣ ጀግና ናት እያሉ ጋቢያቸውን ሊያለብሷት ተሽቀዳደሙ። ዓይን ያወጣ ነገር! አባቷም እንባቸው እየወረደ ሊመርቋት እጃቸውን ዘረጉ። የዓመታት ናፍቆቷ ያ እጅ ነበር። እሷ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

"አባባ፣ ለዛሬው አይመርቁኝ" አለች። "ትናንት ዐሥራ አራት አውሮፕላን አሳርፌያለሁ። ምንም አልተፈጠረም። ሰዉ ሻንጣውን ይዞ ቤቱ ገባ። ከትናንት ወዲያም እንደዚያው። ሊመርቁኝ ከሆነ ለትናንቱ ይመርቁኝ።"

ሻምበል ባሻ የዘረጉትን እጅ ሳያጥፉ፣ "እሺ ልጄ፣ ለትናንትሽ" አሉ። ያኔ አጎንብሳ ጉልበታቸውን ሳመች።

ወገኖቼ፣ አብራሪውን ማክበር ነውር አይደለም። ነውሩ አደጋ ካላየን በቀር የማናመሰግን መሆናችን ነው። እሳት ላጠፋ ጋቢ እናለብሳለን፤ እሳት እንዳይነሳ ሲጠብቅ የኖረውን ግን ድንጋይ እናሸክመዋለን። ከዚያ ደግሞ ልጆቻችን ጭብጨባ ያለበትን ሥራ ብቻ ሲያሳድዱ እንገረማለን። ምርቃት የወላጅን ምኞት ለፈጸመ ልጅ ብቻ የሚሰጥ ሽልማት ከመቼ ወዲህ ሆነ?

ትናንት እናንተም በሰላም ቤታችሁ ገብታችኋል። ያ ሰላም በማን ድካም እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?