አንድ ጉርሻ ለትርሲት

እሺ፣ ልጀምር ነው። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ አሁኑኑ ይውጣ፤ ይሄ ተረት ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው፣ የሚደክማችሁም እናንተው ናችሁ።

ውድነሽ የምትባል እናት ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልብስ አላለች፣ ቤት አላለች። የሦስት ዓመት ልጇ ትርሲት አንዲት ጉርሻ እንድትውጥላት ነው። ትርሲትን ኩፍኝ ይዟት ነበር። ኩፍኙ ለቀቃት፣ ትኩሳቱም ወረደ፣ ምግብ ግን እምቢ አለች። አራት ቀን ሙሉ ውሃና ትንሽ ወተት ብቻ። ክንዷ ከመቅጠኑ የተነሳ አምባሯ እየወለቀ ይወድቃል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መዘነቻትና፣ "እናቷ፣ ዛሬ ማታ ምግብ ካልቀመሰች ነገ በጠዋት ይዘሻት ነይ። ሆስፒታል እንልካታለን፤ ከዚያ በኋላ በአፍንጫዋ በቱቦ ነው የምትመገበው" አለቻት። ውድነሽ ልጇን አዝላ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ቱቦውን ስታስብ ሄደች።

ቤት ስትደርስ አስራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የሥራ ቀን ነው፣ ማን ሁለት ድስት ይጥዳል? አንዱን ጣደች። ሽንኩርት አቁላላች፣ እርድ ጣል አደረገች፣ ምስር ክክ ጨመረች፣ ካሮትና ድንች በትንንሹ ከትፋ አስከተለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ እፍኝ ጎመን። ሲበስል የልጆቹን አልጫ ቀድማ አወጣች፤ በቀረው ላይ በርበሬ ጨምራ ለትልልቆቹ ቀይ አደረገችው። አርባ ደቂቃ እንኳን አልፈጀባትም። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትሪ አቀረበችና ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀመጠ። ውድነሽ አልተቀመጠችም፤ ከትርሲት አጠገብ ቆመች።

"ትርሲትዬ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ። ለእማዬ ስትይ።"

"እምቢ።"

"ለምን፣ የኔ እናት?"

"መጀመሪያ ያፌት ይብላ።"

ያፌት ወንድሟ ነው፣ ስድስት ዓመቱ። ጡት ከጣለች ጀምሮ እሱ የቀመሰውን እንጂ ሌላ ቀምሳ አታውቅም። ያፌት ካልበላ ትርሲት አትበላም፤ ትርሲት ካልበላች ነገ ቱቦ ነው።

ውድነሽ ወደ ያፌት ዞረች። "ያፌትዬ፣ ብላልኝ የኔ ጌታ። አንተ ከበላህ እህትህ ትበላለች።"

ያፌት ሁለት እጁን ጭኖቹ መሃል ደብቋል። "አባዬ ይጀምር" አለ።

ይሄ ልጅ ደግሞ! ከአባቱ ጋር እየተሽቀዳደመ መብላት ለምዶ፣ ቤት ውስጥ ብቻውን እጁን መስደድ አይሆንለትም። አባቱ ካልበላ ያፌት አይበላም፤ ያፌት ካልበላ ትርሲት አትበላም፤ ትርሲት ካልበላች ነገ ቱቦ ነው።

ውድነሽ ወደ ባሏ ዞረች። አስናቀ እንጨት ቤት ነው የሚሠራው፤ ፀጉሩ ላይ ፍቅፋቂ አለ፣ ሆዱም ይጮሃል፣ እኔ እንኳን ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ።

"አስናቀ፣ እባክህ ጀምር። ልጁ አንተን ነው የሚያየው።"

አስናቀ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና፣ "አባቴ ሳይቆርሱ እኔ እጄን ልሰድ? እንዲህ አላደግኩም ውድዬ" አለ።

እውነቱን ነው፣ አላደገም። አባቱ አባባ መንገሻ ትሪው ራስጌ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እንጀራውን አልነኩትም። አባባ ካልበሉ አስናቀ አይበላም፤ አስናቀ ካልበላ ያፌት አይበላም፤ ያፌት ካልበላ ትርሲት አትበላም፤ ትርሲት ካልበላች ነገ ቱቦ ነው።

ወጡ መቀዝቀዝ ጀመረ። ውድነሽ ከአባባ ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች።

"አባባ፣ ይብሉ እንጂ። በሞቴ!"

"ሞትሽን አያሳየኝ። አልበላም ልጄ።"

"ምነው፣ አልጣፈጠም እንዴ?"

"ወጡማ ምን ይወጣለታል! አንቺ ነሽ እንጂ የማትቀመጪው። አራት ማታ ቆመሽ አየሁሽ። ዝም ያልኩት ዛሬ ትቀመጣለች፣ ነገ ትቀመጣለች እያልኩ ነው። የቤቱ ባለቤት ቆማ እኔ ቁጭ ብዬ አልጎርስም።"

አላችሁ? ቁጠሩልኝ እንግዲህ። ውድነሽ ካልበላች አባባ አይበሉም፤ አባባ ካልበሉ አስናቀ አይበላም፤ አስናቀ ካልበላ ያፌት አይበላም፤ ያፌት ካልበላ ትርሲት አትበላም፤ ትርሲት ካልበላች ነገ ቱቦ ነው።

ውድነሽ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ቀደማት።

"እኔማ አልችልም፣ አባባ። ምያለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ምግብ እምቢ ያለችብኝ ቀን ኪዳነ ምሕረትን ጠርቼ ማልኩ። ትርሲት ሳትቀምስ እህል በአፌ አይዞርም አልኩ። ልጄ እየተራበች እኔ ላላምጥ? አንጀቴ እንዴት ይችላል?"

"አራት ቀን?" አለ አስናቀ። "አራት ቀን ሙሉ አልበላሽም?"

"ሻይ ጠጥቻለሁ።"

አስናቀ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሱ በየቀኑ ምሳውን እንጨት ቤት ከጓደኞቹ ጋር በልቷል፤ ያፌትም ትምህርት ቤት በልቷል፤ አባባም ቀን ቀን ቆሏቸውን ቆርጥመዋል። ማታ ማታ ትሪው ሳይነካ ሲነሳ ሁሉም ያዘነው ለትርሲት ነበር። ስለ ውድነሽ የጠየቀ የለም፣ እኔን ጨምሮ።

ጉድ በሉ! ትርሲት ካልበላች ውድነሽ አትበላም፤ ውድነሽ ካልበላች አባባ አይበሉም፤ አባባ ካልበሉ አስናቀ አይበላም፤ አስናቀ ካልበላ ያፌት አይበላም፤ ያፌት ካልበላ ትርሲት አትበላም። ከየት እንጀምር? አራቱም ልጅቷን ብለው፣ ከልጅቷም ጋር ተራቡ።

አባባ መንገሻ ከዚያ በቀስታ፣ "መሐላውን ለማን ብለሽ ነው የማልሽው?" አሉ።

"ለሷ።"

"እና አሁን ምግብ የከለከላት ማን ነው?"

ውድነሽ ትርሲትን አየች፣ ያፌትን አየች፣ አስናቀን አየች። "እኔ ነኝ" አለች።

"አላወቅሽም፣ እናት ነሽ። እኔም ሽማግሌው እያየሁ ዝም አልኩ፣ ጥፋቱ የኔም ነው።" አባባ እንጀራ ቆረሱ። ከቀዩ አይደለም፣ ከልጆቹ አልጫ ጠቀለሉ። "መሐላው በኔ ይሁን። ነገ ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ የሚሉኝን ሁሉ እኔ እቀበላለሁ፤ ጾም ካሉኝ እጾማለሁ፣ ስግደት ካሉኝ በዚህ ጉልበቴ እሰግዳለሁ። በይ፣ አፍሽን ክፈቺ።"

"አባባ…"

"ልጄ፣ እጄ እየዛለ ነው።"

የባሏ አባት በገዛ እጃቸው ጉርሻ ዘርግተው እምቢ ማለት አልሆነላትም። ከተንበረከከችበት መሬቱ ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አፏን ከፈተች። አላመጠች። ዋጠች።

ውድነሽ በላች።

ውድነሽ ስለበላች አባባ በሉ። አባባ ስለበሉ አስናቀ በላ። አስናቀ ስለበላ ያፌት፣ "ቀደምከኝ!" ብሎ በላ። ያፌት ሁለተኛውን አነስ አድርጎ ጠቀለለና ወደ እህቱ አፍ አስጠጋ።

ትርሲት ጉርሻውን አላየችውም። እናቷን ነው የምታየው፤ የእናቷ ጉንጭ ሲንቀሳቀስ። ረጅም ጊዜ አየቻት። ውድነሽ እንባዋ እየወረደ ሁለተኛ ቆርሳ ጎረሰች፣ ልጇ ፊት፣ በደንብ እንድትታያት አድርጋ።

ያን ጊዜ ትርሲት አፏን ከፈተች። አላመጠች፣ ዋጠች፣ "ጨምር" አለችው ወንድሟን።

ነገ ቱቦ የለም። እሷ አፏን ስትከፍት እኔ አፌን ዘጋሁ።