ቅቤ የፈራው ዛብ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሚያንቀላፋውን ጎረቤቱ ይቆንጥጠው።

ድሮ ዕቃም አይጥም እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ዳማ ፈረሳቸው አርጅቶ ሞተና ኮርቻውና የልጓሙ መሳቢያ ቆዳ፣ ዛቡ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ወንዝ ማዶ ያለች ልጃቸው የመውለጃዋ ወር ሲገባ፣ ሁለቱን ተሸክመው ቆዳ ሠሪው አያ ደምለው ዘንድ ሄዱ።

"አያ ደምለው፣ ለልጄ የአራስ ስንቅ የምይዝበት አገልግል ሥራልኝ። በኮርቻው ቆዳ አልብሰው፣ ዛቡን ማንገቻ አድርገው። ዛቡን እጄ ያውቀዋል፤ ሃያ ዓመት ይዤዋለሁ" አሉ።

ዛብ ይህን ሁሉ የት ሰማ? ዓይኑ አያ ደምለው እጅ ካለው ካራ ላይ ነበር። ያን የሚያህል ፈረስ ሲመልስ የኖረ ጀግና፣ ኮርቻ ሥር ተሸጎጠ።

"አባቴ ኮርቻ፣ ሊቆርጡን እኮ ነው።"

"አዎ፣ ሊቆርጡን ነው።"

"አትፈራም?"

"እፈራለሁ ልጄ። ግድግዳ ላይ ደርቆ መቅረት ግን የበለጠ ያስፈራኛል።"

ይህን ጊዜ አይጥ ከማዳበሪያ ጆንያ ሳይሆን፣ ያኔ ማዳበሪያ የት አለና፣ ከአሮጌ ስልቻ ሥር ብቅ አለች። "ወንድሜ ዛብ፣ አንጀቴን በላኸው። ልምከርህ? አያ ደምለው የሚቆርጡት የለሰለሰ ቆዳ ነው። ደረቁን ይጥሉታል። ድረቅ፣ ትድናለህ" አለችው።

በመጀመሪያው ቀን አያ ደምለው ሁለቱንም የውኃ ገንዳ ውስጥ ነከሯቸው። ኮርቻ እስኪበቃው ጠጣ። ዛብ ግን ተንሸራቶ ከገንዳው ወጣና ፀሐይ ላይ ተጋደመ።

"ድረቅ፣ ትድናለህ" አለች አይጥ።

በሁለተኛው ቀን ቅቤ ቀቧቸው። ኮርቻ ተዘርግቶ ተቀባ። ዛብ ጥቅልል ብሎ ሆዱን ደበቀ። ወስፌ ይህን አይታ፣ "አንተ፣ እኔ የምወጋው ልሰፋ ነው። አይጥስ የምትነክሰው ለምን ይመስልሃል?" አለችው። ነገሩ ከነከነው። ልዘርጋ ወይስ ልተው እያለ ሲጨነቅ፣ ካራው ድንጋይ ላይ ሲሳል ሰማና ይብሱን ተጠቀለለ።

"ድረቅ፣ ትድናለህ" አለች አይጥ።

በሦስተኛው ቀን አያ ደምለው ዛቡን አንስተው አጠፍ አደረጉት። ቀጭ አለ። "ይኼስ ሞቷል" ብለው ጥግ ወረወሩትና ማንገቻውን ከኮርቻው ጠፍር አወጡ።

"ዳንኩ" አለ ዛብ።

"ዳንክ" አለች አይጥ። "ከእንግዲህ የሚፈልግህ የለም፤ የእኔ ነህ።" ከጫፉም ጀመረች። ዛብ ቢጮህ ማን ይስማው? ኮርቻ እየተሰፋ ነው። አንድ ክንድ በላች፣ ሁለት ክንድ በላች፣ ሦስተኛውን ስትጀምር የወይዘሮ ዘነቡ ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

"ዛቤስ?"

"ደርቆ አስቸገረኝ እሜቴ፤ ጣልኩት።"

ወደ ጥጉ ሲሄዱ አይጥ ፈረጠጠች። የቀረው አንድ ስንዝር ነበር። አንስተው አቧራውን አራገፉለት። ከዚያ ከገዛ ፀጉራቸው ቅቤ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ያሹት ጀመር። ዛብ በዚህ ጊዜ አልተጠቀለለም። ለሰለሰ፣ ታጠፈ፣ አልተሰበረም። ካራው ሲያርፍበት አመመው፣ ወስፌ ስትወጋውም አመመው፣ ቻለው። የአገልግሉ ክዳን ማሰሪያ ሆነ።

ወይዘሮ ዘነቡ አገልግሉን አንግተው መንገድ ጀመሩ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ እጃቸው እንደ ልማዱ ዛቡን ሊይዝ ሄደ። የያዘው ግን ማንገቻ የሆነውን የኮርቻን ጠፍር ነበር። ዛብ ከክዳኑ ላይ ሆኖ ያን እጅ እያየ ወንዙን ተሻገረ።

ከካራ የሸሸ ቆዳ የአይጥ ጥርስ ይጠብቀዋል። ተረቱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ ለጉሮሮዬ ጠላ አቅርቡ።