ቃጭሉ በማን አንገት ይታሰር

ተረት ተረት ብያለሁ። ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ ልጅ ያለው ይበልጥ ጠጋ ይበል።

ዱሮ ዱሮ ዳልቺት የምትባል ፍየል ነበረች። ቦቄ የሚባል አንድ ግልገል ነበራት። ቦቄ ዘሎ አይጠግብም፤ የበረቱን መንገድ ግን መያዝ አቃተው። እኩዮቹ በሦስት ቀን የያዙትን እሱ በሦስት ወር አልያዘውም። ቀኝ ሲሉት ግራ፣ ቁልቁል ሲሉት ሽቅብ። ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተገኘ። ከወንዙ ማዶ ያለው ጅብም «ሦስተኛው የእኔ ነው» አለ።

ዳልቺት ሣሩ አልዋጥ አላት። ሄዳ በግን ጠየቀቻት።

«ተይው እቴ፣ ሲያድግ ይተወዋል» አለች በግ። ተወችው፤ አልተወውም።

አህያን ጠየቀቻት።

«ስንፍና ነው። እኔ በዱላ ነው የተማርኩት» አለች አህያ። ዳልቺት በቀንዷ ጎሸም አደረገችው፤ አለቀሰ እንጂ መንገዱን አልያዘም። እሷም አብራው አለቀሰች።

በመጨረሻ ብዙ አገር ያየችው፣ ባለቃጭሏ አሮጊት በቅሎ ዘንድ ወሰደችው። በቅሎ ቦቄን ወዲያ አስኬደችው፣ ወዲህ አስኬደችው። ዓይኑን አስጨፍና ከሩቅ ጠራችው። ሳይስት መጣ።

«ልጅሽ ደህና ነው» አለች። «መንገድ በዓይኑ አይገባውም፣ በጆሮው ነው የሚገባው። እንዲህ ያለው ጆሮ መር ይባላል።»

«በሞቴ እማማ፣ ለማንም እንዳይናገሩ» አለች ዳልቺት። «መንጋው ቦቄ ማለቱን ትቶ ጆሮ መር ይለዋል። ቃጭልም ያስሩበትና መሳቂያ ይሆናል።»

በቅሎ ሣቅ አለች። «እኔ አባትሽ ማነው ሲሉኝ፣ አጎቴ ፈረስ ነው እያልኩ አረጀሁ። ደብቄ ምን አተረፍኩ? አህያው አባቴ በደጄ ሲያልፍ ሰላም ሳልለው ሞተ።»

ቃጭሉም ከአንገቷ ላይ ተናገረ። «ደግሞስ እኔን በልጁ አንገት እሰሩኝ ማን አለ? ሰሚው እሱ አይደል? አንቺ እሰሪኝ እንጂ፣ ሞኝት።»

ዳልቺት አንገቷን ዘረጋች።

መንጋው ወደ በረት ሲመለስ አህያ አየቻት። «ያችን እዩልኝ፣ በቅሎ ልትሆን ነው።»

ዳልቺት ቅጭል ቅጭል እያለች ቀደመች። ቦቄ ጆሮውን አቁሞ ተከተላት። ቀኝ ስትሄድ ቀኝ፣ ቁልቁል ስትወርድ ቁልቁል፤ በረት ገቡ። ጅቡ ሦስተኛውን ሲጠብቅ ነጋበት።

በማግስቱ በግ ቀስ ብላ መጣች። «እህቴ፣ የእኔም ትንሿ አንዳንዴ... እማማ በቅሎን የት ነው የማገኛት?»

«ነይ ተከተይኝ» አለቻት ዳልቺት፣ ቅጭል ቅጭል እያለች።

ነገሩን በስሙ ያወቀ መንገድ አያጣም፤ ቃጭሉን ግን ወላጅ ይሸከም።

ተረቴን መልሱ፣ የልጁንም ስም አትርሱ። ዛሬም ቦቄ ነው።