ያልነከሰው ዘበኛ

በዚያ ጫካ ሁሉም ሥራ ነበረው፤ የሁሉም እርጅና ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። የአንበሳው ፖሊሶች ተኩላዎች ነበሩ። ሃያ ክረምት ያገለገለ ተኩላ ወደ ወንዙ ማዶ መስክ ይሻገርና እስኪሞት ድረስ ማንም ሳይነካው ይኖራል። ሌላውን አገልጋይ፣ ውሃ አመላላሹንም እንጨት ተሸካሚውንም፣ ጉልበቱ ሲከዳው የሚረከበው ጅብ ነው። ይህም በሕግ የተደነገገ ስለነበር ጭካኔ ነው የሚል አልነበረም።

አህያው ሃያ ሁለት ክረምት በእስረኞች ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሟል። ማንም አላመለጠበትም፤ ማንንም አላቆሰለም። የኋላ እግሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አያ ጅቦ በየማለዳው ብቅ እያለ "እንዴት አደርክ ወዳጄ? ጉልበትህስ?" ይለው ጀመር። አህያው ፈራ፤ ፈርቶም ለጉባኤው አቤት አለ።

"ተኩላ የያዘውን ሁሉ የምጠብቀው እኔ ነኝ" አለ። "በዝናብም በፀሐይም ከቦታዬ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም። እኔም ማዶ ልሻገር።"

መዝገብ ያዡ ቀበሮ ሕጉን አገላበጠ። በዚያ ጫካ የፖሊስ አገልግሎት የሚረጋገጠው በጠባሳ ነው። ተኩላ ጡረታ ሲወጣ የነከሳቸው ሁሉ በጉባኤው ፊት ተሰልፈው ጠባሳቸውን ያሳያሉ፤ ደህና አድርጎ የተነከሰም ይመሰገናል።

"ጠባሳ ያለው ምስክር አለህ?"

"የለኝም ጌታዬ።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም?"

"መንከስ አላስፈለገኝም። ተቀመጡ ስላቸው ይቀመጣሉ።"

ጉባኤው ሳቀ። አንበሳውም "እንግዲያው በር ነበርክ እንጂ ፖሊስ አልነበርክም" አለ። ሆኖም ደግ ንጉሥ ስለሆነ ምስክር እንዲያቀርብ ሰባት ቀን ሰጠው።

እመት ፍየል የቀድሞ እስረኛ ነበረች። ጉድጓድ ውስጥ ሳለች አህያው ከራሱ ሣር ቀንሶ ይጥልላት የነበረውን አልረሳችም። "ጆሮዬን ንከስ፤ ለእኔ አንዱ ይበቃኛል" አለችው። አህያው አምስት ቀን እምቢ አለ። በስድስተኛው ቀን እግሩ ከዳውና ተንበረከከ፤ አያ ጅቦም መጥቶ አጠገቡ ጋደም አለ። ያን ጊዜ አህያው ዓይኑን ጨፍኖ ነከሳት። እሷ አልጮኸችም፤ ያለቀሰው እሱ ነው።

ቀበሮው የፍየሏን ጆሮ አገላብጦ ካየ በኋላ "ጥሩ ንክሻ ነው" ሲል አህያው እፎይ አለ። ቀበሮው ግን ማንበቡን ቀጠለ። "ፖሊስነቱ ሳይረጋገጥ የነከሰ እንስሳ ወንጀለኛ ነው።"

"ካልነከስክ ፖሊስ አይደለህም አላችሁኝ" አለ አህያው። "አሁን ደግሞ ፖሊስ ሳትሆን ነከስክ ትሉኛላችሁ። ታዲያ መቼ ነበር የምነክሰው?"

"ይህ ጥያቄ ለዛሬው ጉባኤ አልተያዘም" አለ ቀበሮው።

ተኩላዎቹ አህያውን ወደ ጉድጓዱ አወረዱት። በእሱ ቦታ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስታመላልስ የኖረች በቅሎ ተተካች። ደግ ነበረች፤ ሣር ትጥልለታለች፣ ጋሼ እያለች ታጫውተዋለች። እሱም እዚህ እንኳ ጅብ አይገባም እያለ ይጽናና ነበር።

አንድ ቀን ሣሩን ሳትጥል በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ቆየች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት አያ ጅቦ መጥቶ ጉልበቴን ጠየቀኝ" አለችው።

አህያው ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗ ጆሮዎቹ ላይ ነበር።