ሙሽራውን ብቻ ያወደሰው ሽማግሌ

አንድ ማስታወቂያ ሠሪ ነበር፤ ስሙ ታረቀኝ ይባላል። በአንዲት ሞቅ ያለች የገበያ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጠባብ ቢሮ ነበረችው። በሙያው አይታማም። እሱ የነደፈው ማስታወቂያ መንገደኛ ያስቆማል ይባልለት ነበር። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ የድሮ ደንበኞቹ ገሚሶቹ ወደ ትልቅ ከተማ ሄዱ፣ ገሚሶቹም ሱቃቸውን ዘጉ፤ አዲስ ደንበኛ ደግሞ አልገኝ አለው።

አዲስ ደንበኛ የሚገኘው በፕሮፖዛል ነው። ነጋዴው ሥራ እንዳለው ያሳውቃል፣ ማስታወቂያ ሠሪዎች ምን ሊሠሩለት እንዳሰቡ ጽፈው ያስገባሉ፣ እሱም አንብቦ ልቡ የወደደውን ይመርጣል። ታረቀኝ በዚህ በኩል ሰነፍ አልነበረም። ፕሮፖዛሉ እንደ ትራስ የወፈረ ነው። ሽፋኑ ላይ ሱፍ ለብሶ የተነሳው ፎቶ አለ። ቀጥሎ የድርጅቱ ታሪክ፣ ከዚያ ምስክር ወረቀቶቹ፣ ከዚያ የማሽኖቹ ዓይነት ይመጣል። የነጋዴው ነገር የሚነሳው መጨረሻ ገጽ ላይ ነው፤ እሱም «የተከበረው ድርጅትዎ» ተብሎ ያልፋል። ለሁሉም የሚያስገባው ያንኑ ነበር፤ የሚለውጠው የነጋዴውን ስም ብቻ ነው። አንድ ጊዜማ ለሆቴል የጻፈውን ለጫማ ሠሪ ልኮት፣ ጫማ ሠሪው እሱ ጋ የሚከራይ አልጋ እንደሌለ በትሕትና መለሰለት።

ሚስቱ እናኑ ነገር ዐዋቂ ነበረች። «አንተ ሰው፣ ሥራ ስጡኝ ነው የምትለው ወይስ ሐውልት አቁሙልኝ?» ትለዋለች። እሱም ሙያው እንዳልገባት ነግሯት ሌላ ገጽ ይጨምራል።

ነገሩ እየጠበበ ሄደ። ጎረቤቱ ስልክ ጠጋኝ፣ ቢሮዋን ሊወስዳት ጓጉቶ፣ ሰላም ለማለት የገባ መስሎ ግድግዳዋን በዓይኑ ይለካ ጀመር። ባልና ሚስቱ መከሩ። ክረምቱ እስኪወጣ አንድ ደንበኛ ካልተገኘ፣ ታረቀኝ ቢሮውን ዘግቶ የአማቹ ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ጠባቂ ሊሆን ተስማሙ። እጁ ሥዕል የለመደ ሰው ከረጢት እየቆጠረ ሊኖር መሆኑን ሲያስበው እንቅልፉ ይጠፋል።

በዚህ መሐል ወይዘሮ አስካለ ማስታወቂያ ሠሪ እንደምትፈልግ ተሰማ። ወይዘሮ አስካለ የአጥሚት ዱቄት ፈጭታ የምታሽግ፣ ለአራስና ለሕፃናት የምትሸጥ ብርቱ ነጋዴ ናት። ገበያዋ ስለቀዘቀዘ፣ አደባባዩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ማቆም ፈልጋለች። ከትልቁ ከተማ ሳይቀር ፕሮፖዛል የሚያስገቡ እንዳሉ ተወራ። ታረቀኝም የቀረችው ዕድል ይህች ብቻ እንደሆነች ዐውቆ፣ ያንን ትራስ የሚያህል ወረቀት ያሳምር ጀመር።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን የእህቱ ልጅ ሚስት ሊያገባ አሰበና ሽማግሌ ወደ ልጅቷ ቤት ሊላክ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ መሐል አፈ ጉባኤ የሚሆኑት አቶ ድንበሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ጉንፋን ድምፃቸውን ዘጋው። ቤተ ዘመዱ ሁሉ፣ ቃል ማሳመር ሥራው የሆነ ታረቀኝ እያለ ምን አስጨነቀን አለ። እሱም ደስ ብሎት ተቀበለ።

እሑድ ማለዳ ሄዱ። እንደ ወጉ፣ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው በር ላይ ቆሙ። የልጅቷ አባት አቶ ሙላቴ ምን እግር ጣላችሁ ሲሉ፣ ታረቀኝ ጋቢውን አስተካክሎ ጀመረ። የእህቱ ልጅ ከየትኛው ኮሌጅ እንደ ወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተሸለመ፣ ቁመቱ እንዴት እንዳማረ፣ ቤት ሊሠራ የገዛው ቦታ የት እንዳለ ተናገረ፣ ተናገረ። አቶ ድንበሩ ከኋላ ሆነው በሳል ሊያስቆሙት ቢሞክሩም አልሰማቸውም። አቶ ሙላቴ እጃቸውን አጣምረው በትዕግሥት ጠበቁት።

«ወንድሜ፣» አሉት ሲጨርስ፣ «በሬ ልትሸጥልኝ ነው ወይስ ልጅ ልትለምነኝ የመጣኸው?»

«ኧረ ልጅ ልንለምን ነው፣ ጋሼ።»

«የምትለምነው ልጅ ስሟ ማን ነው?»

ታረቀኝ ዞሮ ሽማግሌዎቹን አየ። ለካ ስሟን አልጠየቀም። አቶ ሙላቴ እየሳቁ፣ ለሚቀጥለው እሑድ ስሟን አጥንተው እንዲመለሱ አሰናበቷቸው።

በሚቀጥለው እሑድ የአቶ ድንበሩ ጉሮሮ ተከፍቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት ሲጠይቁ ሰንብተዋል። ስለ ሙሽራው አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ማስተዋል የምትባለው ልጅ የታመሙ እናቷን እንደምታስታምም፣ ጠዋት ጠበል አድርሳቸው ወደ ሥራዋ እንደምትሮጥ መሰከሩ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

«ወንድሜ ሙላቴ፣ የሚያስፈራህ ልጅ መዳር ሳይሆን እናቷ ሰው እንዳያጡ ነው። እኛም ልናርቃት አልመጣንም። ልጃችን እዚሁ ሰፈር ቤት ይከራያል፤ ጠበሉንም እሱ ያደርሳቸዋል።»

አቶ ሙላቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ «ግቡና ተቀመጡ» አሉ። ልጅቷ ተፈቀደች።

ታረቀኝ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ማታም ለእናኑ፣ በር ላይ ቆሞ ያደረገውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ በወረቀት ላይ ሲያደርገው እንደ ኖረ ነገራት። እናኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችበትም።

ሰኞ ወረቀቱን ጥሎ ወይዘሮ አስካለ ሱቅ ሄደ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ገበያውን እንዲያይ ለመናት፤ ገርሟት ፈቀደችለት። በዕድሜ ጠና ያሉ ሴቶች መጥተው ደጋግመው ይገዛሉ። ወጣት እናቶች ግን ከስንት አንዴ ብቅ ቢሉ ነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ያዘለች ወጣት የተጀመረ ዱቄት ይዛ መጣች። ይጓጉላል፣ ልጄ ይተፋዋል፣ ምን ቢቀላቀልበት ነው አለች። ወይዘሮ አስካለ ድንጋይ አልፈጭም ብላ ተቆጣች፤ ሴትየዋ ስትወጣ ግን ፊቷ ጠቆረ።

ታረቀኝ ከዚያው ዱቄት ገዝቶ ቤቱ ገባ። እናኑ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም ነበርና ውሃ አፈላ፣ ዱቄቱንም ውስጡ ነሰነሰበት። እንደ ጠጠር ጓጎለ። እናኑ ገብታ ድስቱን አየችና በሩን ተደግፋ ሳቀች።

«ይሄን በማን ላይ ልትወረውር ነው? ዱቄቱ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል እኮ!»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል፣ እናቴ ስትሠራ እያየሁ አደግሁ።»

«ከእናቷ ርቃ ከተማ የወለደችውስ?»

ማሸጊያውን አገላብጠው ቢያዩት፣ ስለ አሠራሩ አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ወይዘሮ አስካለ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

ታረቀኝ ሁለት ገጽ ብቻ ጻፈ። ፎቶው የለም፣ ማሽኖቹ የሉም። መጀመሪያ ያስቀመጠው የዚያችን ወጣት እናት ነገር ነው። ዱቄቱ ምንም እንዳልጎደለው፣ የጎደለው አሠራሩን የሚያሳይ ሰው መሆኑን ጻፈ። ማሸጊያው ላይ የአሠራሩን ሥዕል ሊስል፣ በክትባት ቀን ደግሞ በጤና ጣቢያው ደጅ አጥሚት እየተሠራ የሚቀመስበትን ዝግጅት ሊያሰናዳ እንዳሰበ ገለጸ። በመጨረሻም፣ እጁ እየከበደው፣ ትልቁ ሰሌዳ ለጊዜው እንደማያስፈልጋት ጨመረበት። ገንዘብ የሚያስገኝለት ሥራ ሰሌዳው ነበርና እናኑ ስታነበው፣ እንጀራችንን ገመጥክልን ብላ ቀለደች፤ ግን ሰርዘው አላለችም።

ወይዘሮ አስካለ አስጠራችው። ጠረጴዛዋ ላይ የሌሎቹ ፕሮፖዛል ተቆልሏል።

«እኔ እኮ እጄ ተበላሸ ብዬ፣ ዱቄቴ ጣዕሙ ጠፋ ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ» አለችው። «ለሰው አልተናገርኩም። አንተ እንዴት ዐወቅህ?»

«አላወቅሁም፣ እትዬ። ተቀምጬ አየሁ፤ ከዚያ እኔው ራሴ አጓጎልኩት።»

ወይዘሮ አስካለ እስክታነባ ሳቀች። «ሰሌዳ አያስፈልግሽም ማለትህ ግን ድፍረት ነው።»

«ለጊዜው ነው ያልኩት፣ እትዬ።»

ሥራው የእሱ ሆነ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ ወጣቶቹ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ሱቋ ይመላለሱ ጀመር። ታረቀኝም ቢሮውን ሳይዘጋ ቀረ።

ወዳጆቼ፣ የልባችንን ሳንነግረው የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እኛ ሰዎች የሌላውን የልብ ጭንቀት የምናውቀው ሄደን፣ ተቀምጠን፣ ጠይቀን ነው። ሰው በሩን የሚከፍተው ትልቅነቱን ለሚያወራለት ሳይሆን ሸክሙን ላየለት ነው። ሥራ የሚለምንም፣ ትዳር የሚለምንም፣ ይቅርታ የሚለምንም መጀመሪያ የዚያን ቤት ችግር ይወቅ፤ ከዚያ ቃሉ ባያምርለት እንኳ ይሰማለታል።

እስቲ እናንተም ዛሬ ከሰው ደጅ ቆማችሁ የምትለምኑት ነገር ካለ ቆም ብላችሁ አስቡ። ስለ ራሳችሁ የምትናገሩት ብዙ እንደሆነ አልጠራጠርም። ስለዚያ ሰው ቤትስ ምን ታውቃላችሁ?